መዝገበ ቃላቱ ቀላል ነው፣ ከባዱ ፊደሉ ነው

ሞባይል ቤት ገብታችሁ «የቻይንኛ መዝገበ ቃላት የምጭንበት ስልክ ፈልጌ ነበር» ብትሉ ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሣላችሁ ራም ነው። ቀጥሎ የካሜራው ሜጋፒክስል፣ ቀጥሎ «ጌም ያለ ምንም ችግር ያጫውታል» ይላችኋል። ሦስቱም ከጠየቃችሁት ነገር ጋር ብዙም አይገናኙም። ሻጩ ላይ አይፈረድም። ጥያቄው ራሱ ለባሕር ዳር ገና አዲስ ነው።

ፈላጊው ግን እየበዛ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ቦታ በመሐንዲሱና በብረት አሳሪው መካከል ቆሞ የሚያግባባ ሰው ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ የሆነበት ሾፌር መጣ። ፎገራ ወርዳችሁ ሩዝና ሽንኩርት የሚያጠጣውን ሞተር ብታዩ የተለጠፈበት ወረቀት ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ነው። ከጓንጆ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ አለ፤ ቻይና ሄዶ ለመማር ለፈተና የሚዘጋጅ የፔዳና የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ተማሪም አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ አፕ ይጭናሉ። የሚያስፈልጋቸው ስልክ ግን አንድ አይደለም።

ከአፑ ክብደት እንነሣ። ብዙ ሰው «መዝገበ ቃላት ከባድ ነው፣ ኃይለኛ ስልክ ይፈልጋል» ብሎ ያስባል። በዚህ ዘርፍ በጣም የታወቀው ፕሌኮ በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም ፓልም ለሚባሉት የኪስ ኮምፒውተሮች ነበር። የዚያን ጊዜ የተለመደ ፓልም 8 ሜጋባይት ሚሞሪና 160 በ160 ነጥብ (ፒክስል) የሆነ ስክሪን ነበረው። ብዙ አፖች የሚጠቀሙበት ሲሲ-ሲዲክት የተባለው ነጻ የቻይንኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከ120 ሺህ በላይ ቃላት ይዞ ጽሑፉ ብቻ ወደ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። በስልክ ካነሣችኋቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች አይበልጥም። ቦታ የሚበላው ቃሉ ሳይሆን የተቀዳው ድምፅ፣ የፊደል አጻጻፍ ማሳያውና ተጨማሪ የሚወርዱት መዝገበ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከስልኩ አንጎል ይልቅ ዓይኑና ቆዳው ይበልጣሉ፤ ማለትም ስክሪኑ፣ የጣት ስሜቱና ካሜራው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት እኛ አማርኛ አንባቢዎች የለመድነውን አንድ ነገር መርሳት አለብን። ትርጉሙን የማናውቀው ቃል ቢያጋጥመንም ማንበብ አያቅተንም። «ዕንባቆም» የሚለውን ስም ሰምቶት የማያውቅ ልጅም ፊደል ከቆጠረ ይጠራዋል፤ ከጠራው ይጽፈዋል፤ ከጻፈው ይፈልገዋል። ቻይንኛ እንዲህ አይደለም። ምልክቱን ካላወቃችሁት ድምፁን በእርግጠኝነት አታውቁም፤ ድምፁን ካላወቃችሁ በኪቦርድ አትጽፉትም። የወረቀት መዝገበ ቃላት ዘመን ሰዎች ፊደላቱ ከሚመደቡባቸው 214 ሥር ምልክቶች የትኛው እንዳለበት ለይተው፣ የቀሩትን ጭረቶች ቆጥረው፣ ገጹን ያገኙ ነበር። አሁን ሦስት በር አለ። ድምፁን የምታውቁት ከሆነ በፒንዪን፣ ማለትም በ1958 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ትጽፉታላችሁ። የምታዩት ግን የማታውቁት ከሆነ በጣታችሁ ስክሪኑ ላይ ትሥሉታላችሁ። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ካሜራ ትደቅኑበታላችሁ። ስልክ ከመምረጣችሁ በፊት በየትኛው በር እንደምትገቡ እወቁ። ተማሪው በመጀመሪያው፣ አስተርጓሚው በሁለተኛው፣ ሾፌሩና ሞተር ጠጋኙ በሦስተኛው ይገባሉ።

ስክሪኑ ለሁሉም ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

በአማርኛ «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው ቅጥያው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መሆኑ ብቻ ነው። አሮጌ ስልክ ላይ በደቃቁ የተጻፈ አማርኛ ያነበበ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቻይንኛ ውስጥ ይህ በሺህ ተባዝቶ ይመጣል። «ጂ» ማለት ራስ («እኔ ራሴ» እንደሚባለው) ነው፤ «ዪ» ማለት ቀድሞ የተፈጸመ ነገር ምልክት ነው፤ «ሲ» ደግሞ ከጥንቱ የዘመን መቁጠሪያ ምልክቶች አንዱ ነው። ሦስቱ ሲጻፉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው የግራው ጭረት ምን ያህል ወደ ላይ እንደወጣ ነው። በመጀመሪያው ክፍት፣ በሁለተኛው እስከ ግማሽ የተዘጋ፣ በሦስተኛው ጨርሶ የተዘጋ ነው። «ዌይ» (ገና) እና «ሞ» (ጫፍ፣ መጨረሻ) ደግሞ ሁለት አግድም ጭረት አላቸው። ላይኛው ካጠረ ገና ነው፤ ላይኛው ከረዘመ መጨረሻ ነው። በቃ፣ ልዩነታቸው ይህ ነው።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። የገበያው ርካሽ ስልክ ስክሪን ብዙ ጊዜ 720 በ1600 ነጥብ ነው። ሻጮች «ኤችዲ ፕላስ» ይሉታል። ቀጣዩ ደረጃ 1080 በ2400፣ «ፉል ኤችዲ ፕላስ» ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ05 እና ኤ05ኤስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም 6.7 ኢንች ናቸው፤ ከሩቅ ብታዩአቸው አትለዩአቸውም። የመጀመሪያው 720 በ1600፣ ባለ «ኤስ»ው 1080 በ2400 ነው። በአንድ ኢንች ሲካፈል ለመጀመሪያው 262፣ ለሁለተኛው 393 ነጥብ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል በመጀመሪያው 31 ነጥብ፣ በሁለተኛው 46 ነጥብ ይደርሰዋል ማለት ነው።

«ዪንግ» የሚለውን ቃል ውሰዱ፤ ማሸነፍ ማለት ነው። በዋናው ቻይና በሚሠራበት በቀለለው አጻጻፍ እንኳ 17 ጭረት አለው። አምስት ምልክቶች አንድ ካሬ ውስጥ ተጨናንቀው የሚኖሩበት ቤት ነው፤ አንዱ ጣሪያ፣ አንዱ ወገብ፣ ሦስቱ ታች ጎን ለጎን። በ31 ነጥብ ካሬ ውስጥ ለታችኞቹ ሦስት የሚደርሳቸው ስፋት ለእያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ነው። በ10 ነጥብ ውስጥ ሁለት ቋሚ ግድግዳ፣ በመካከላቸው ክፍተት፣ በክፍተቱ ውስጥ አግድም ጭረቶች መግባት አለባቸው። ስልኩ የቻለውን ያደርጋል፤ የተረፈውን ግራጫ ቀብቶ ያልፈዋል። አንባቢው የሚያየው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። በ46 ነጥብ ግን እያንዳንዷ ጭረት ቦታ አላት።

እርግጥ ነው ፊደሉን ማጉላት ይቻላል። ዋናው ቃል ብዙውን ጊዜ ተልቆ ስለሚታይ ችግር የለውም። ችግሩ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹ ላይ ነው፤ እነሱን ስታጎሏቸው በአንድ ገጽ የሚታየው ግማሽ ይሆናል። ከዚያም የፒንዪኑ የድምፅ ምልክቶች አሉ። ከአናባቢው በላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ጭረቶች ናቸው፤ ቀጥ ያለ፣ ወደ ላይ የወጣ፣ ተሰብሮ የተነሣ፣ ወደ ታች የወረደ። «ማይ» በተሰብሮ መነሣት መግዛት ነው፤ በመውረድ መሸጥ ነው። ነጋዴ ይህን ማሳሳት የለበትም። የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ገንዘብ የሚያንሳችሁ ከሆነ ከሌላው ሁሉ ቀንሱና ፉል ኤችዲ ግዙ።

የስክሪኑ ዓይነት ቀጥሎ ይመጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ ምሕረት የላትም። ቀን 6 ሰዓት ላይ ጣና ዳር የእግር መንገዱ ላይ ቆማችሁ ርካሽ የኤልሲዲ ስክሪን ክፈቱ፤ መስታወት ነው የሚሆንባችሁ። ከፊደሉ በፊት የራሳችሁን ፊትና የዘንባባውን ቅርንጫፍ ታያላችሁ። አሞሌድ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራበት ስክሪን በፀሐይ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ማታ በጥቁር መደብ ስታነቡም ባትሪ ይቆጥባል። በኤልሲዲ ላይ ጥቁር መደብ ለባትሪ ምንም አይፈይድም፤ ከኋላ ያለው መብራት እንደበራ ነውና። አሞሌድ ገዝታችሁ ብርሃኑን በጣም ዝቅ ስታደርጉ ዓይናችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ምክንያቱ አንዳንዶቹ ብርሃኑን የሚቀንሱት በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ጥሩ ኤልሲዲ ይግዛ።

ወደ ጣት እንምጣ። ፊደል በጣት የሚጽፍ ሰው ስክሪኑ የጣቱን መንገድ በትክክል ካልተከተለ ትክክለኛውን ጽፎ የተሳሳተ ይወጣለታል፤ ጥፋቱንም የራሱ ያደርገዋል። ይህን እዚያው ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሴቲንግ ግቡ፤ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱ፤ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ በተከታታይ ንኩ። ሳምሰንግ ላይ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ነው ያለው። የገንቢዎች ምርጫ የሚባለው ዝርዝር ይከፈታል። በእሱ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን አብሩ። አሁን ጣታችሁ በሄደበት ሁሉ ስልኩ መሥመር ያሠምራል። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሰያፍ መሥመር ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ ቀስ ማለቱ ነው ዋናው። ጥሩ ስክሪን ቀጥ ያለ መሥመር ያወጣል። መጥፎው እንደ እባብ ይጥመለመላል፣ ወይም መሐል ላይ ይቆረጣል። ያገለገለ ስልክ ከሆነና መሥመሩ ከተጥመለመለ ስክሪኑ ተቀይሮ ኦሪጅናል ያልሆነ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ይህን ፈተና ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ። ርካሽ ቻርጀር የኤሌክትሪክ ሁካታ ያስገባል። የዘመኑ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ስሜት ስለሆነ ሁካታውን እንደ ጣት ይቆጥረዋል፤ ጭረቶቹ ይዘልላሉ፣ ያልነካችሁት ይነካል። ስልኩ ላይ እምነት ከማጣታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ። ወፍራም ግላስ ያስለጠፈ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ ጫፉ ላይ የጻፈው አይያዝለትም። አንዳንድ ስልኮች፣ ሳምሰንግም ጭምር፣ ለዚህ የንክኪ ስሜት መጨመሪያ ሴቲንግ አላቸው። ውሃ ደግሞ ሌላው ጠላት ነው። ሐምሌ ላይ ካፊያ ስር፣ ወይም ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ሞገዱ ሲረጭ፣ ጠብታው ራሱ ጣት ይሆናል። ስልኩ ውሃ አያስገባም መባሉ በውሃ ውስጥ ይጻፍበታል ማለት አይደለም። ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ማበስ ነው መድኃኒቱ፤ የነጠላ ጫፍ ይበቃል።

አጻጻፉን በተመለከተ አንድ ምክር ልጨምር። ጥሩ አፕ የጭረቶቹን ቅደም ተከተል ብትሳሳቱም ይታገሣችኋል፤ ቁጥራቸውን ብትሳሳቱ ግን ብዙም አይታገሥም። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መጀመሪያ አግድሙ ከዚያ ቋሚው የሚለውን ሕግ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፈለገውን ከቀረቡለት አማራጮች መካከል ያገኛል። ውድ ብዕር ያለው ስልክ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ። ጣት ይበቃል።

ካሜራው ላይ ሜጋፒክስል እርሱት። የሚያስፈልገው በቅርብ የማጥራት ችሎታ ነው። ሞተር ጠጋኙ የሚፈልገው ፓምፑ ላይ ከሁለቱ አፎች የትኛው «ጂንሽዌይ» (ውሃ መግቢያ)፣ የትኛው «ቹሽዌይ» (ውሃ መውጫ) እንደሆነ ነው። ጽሑፉ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ብረት ላይ ነው፤ ዘይትና ጭቃ አለበት፤ ፀሐይ ያንጸባርቅበታል። እዚህ ላይ 2 ሜጋፒክስል «ማክሮ» ተብላ ከጎን የምትለጠፈው ትንሽ ካሜራ ዋጋ የላትም። ብዙውን ጊዜ ትኩረቷ አይቀየርም፤ ቁጥር ለማብዛት የተቀመጠች ናት። ዋናው ካሜራ ራሱ የሚያጠራ ይሁን። ሱቁ ውስጥ የስልኩን ካርቶን ገልብጡና ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንሡት። ከደበዘዘ ወደ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ራቁና በዙም 2 እጥፍ አቅርቡ። እንዲህ ሆኖ ከጠራ ይሠራላችኋል። በተግባርም የሚመከረው ይኸው ነው፤ ስልኩን ዕቃው ላይ ከመለጠፍ ራቅ ብሎ ማቅረብ። የሚያንጸባርቅ ብረት ከሆነ ፍላሹን አጥፉና በገላችሁ ጥላ ሥሩበት።

ካሜራው የማይችለውም አለ። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ፣ በጌጥ ፊደል የተጻፈ የሱቅ ስም፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያሳስተዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ስክሪን ሲነሣ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ጥቁር መሥመር ያልፍበታል። እንዲህ ሲሆን በቀጥታ ከመደቀን ፎቶ አንሥታችሁ አፑ ፎቶውን እንዲያነብ አድርጉ። አንዴ ካልሆነ ደጋግማችሁ አንሡ፤ አንዱ ፎቶ ይጠራል። በካሜራ የማንበቡ ነገር ፕሌኮ ላይ የሚከፈልበት ተጨማሪ ነው። ነጻው መዝገበ ቃላትና የእጅ ጽሑፍ ግን ለብቻቸው ብዙ ያስኬዳሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በነጻው አንድ ወር ሥሩ።

ክፍያው ራሱ ለእኛ አገር ሰው ስልክ የመምረጥ ያህል ከባድ ነው። ከፕሌይ ስቶር ለመግዛት ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ለማምለጥ «የተከፈተ» የተባለ ፋይል ከቴሌግራም አውርዶ ይጭናል። ሌብነቱን ትተን ጥቅሙን ብቻ ብናስብ እንኳ የማይታወቅ ሰው የነካካው ፕሮግራም ለካሜራችሁና ለፋይሎቻችሁ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባንክ የምታንቀሳቅሱበትም ያው ስልክ ነው። ከከፈላችሁ ደግሞ ግዢው የሚመዘገበው በጂሜይላችሁ ነው። ስልኩን ስትገዙ ሞባይል ቤቱ በችኮላ የከፈተላችሁ፣ የይለፍ ቃሉን የማታውቁት ጂሜይል ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን የከፈላችሁበትም አብሮ ይጠፋል። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ስለ ራም ዝም ብል ሻጩ ይታዘበኛል። አፑ ብዙ አይበላም፤ ግን ብቻውን አይኖርም። ቴሌግራም፣ ካሜራ፣ ኪቦርድ አብረው ሲሠሩ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ መዝገበ ቃላቱን ከጀርባ ይዘጋዋል፤ ስትመለሱ ስትፈልጉት የነበረው ቃል የለም፣ ከመጀመሪያው ነው። 4 ጊጋ ይበቃል። «4 ሲደመር 4» ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁለተኛው 4 ራም አይደለም፤ ከማስቀመጫው የተበደሩት ነው፤ ፍጥነቱም ያንሳል። ማስቀመጫው 64 ጊጋ ቢሆን ደህና ነው፤ 32 ከሆነ ሲስተሙ ራሱ ሰፊውን ይወስደዋል፤ ቀሪውን የቴሌግራም ቪዲዮ በሳምንት ይሞላዋል።

ከራሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ለርካሽ ስልኮች ተብሎ የቀለለው አንድሮይድ «ጎ» ነው። ብዙ የቻይንኛ ተማሪ የሚወደው ነገር በሌላ አፕ ላይ፣ ለምሳሌ ቴሌግራም ላይ ያለ ቃል ሲነካ ትርጉሙ እዚያው በትንሽ መስኮት ብቅ እንዲልለት ነው። ይህ እንዲሆን አፑ በሌሎች አፖች ላይ ለመታየት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከአንድሮይድ 10 ጎ ወዲህ ይህ ፈቃድ ተዘግቷል፤ በሴቲንግ ብታስሱም አታገኙትም። አፑ ተበላሸ ብሎ አጥፍቶ መልሶ የሚጭን ሰው አለ። አፑ ምንም አልሆነም። አይፎን ላይም ይህ መስኮት የለም፤ እዚያ ጽሑፉን ገልብጦ ወደ መዝገበ ቃላቱ መውሰድ ነው ያለው።

ከቻይና በቀጥታ የመጣ፣ «ቻይና ቨርዥን» የሚባለው ስልክ ለቻይንኛ ተማሪ የሚስማማ ይመስላል። የቻይንኛ ኪቦርዱም ድምፁም አብሮት ይመጣል። ነገር ግን ፕሌይ ስቶር አይኖረውም፤ ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ በጭካኔ ይዘጋል፤ የሴቲንጉን ቋንቋ አማርኛ ላድርግ ብትሉም ላታገኙት ትችላላችሁ። ፕሌኮን ከራሱ ድረ ገጽ በፋይል አውርዶ መጫን ስለሚቻል መንገዱ የተዘጋ አይደለም፤ ነገር ግን ለሥራ የሚሯሯጥ ሰው ይህን ሁሉ ባይጀምረው ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት፣ እኔ ግን በጣም የምወዳት ነገር አለች። የቻይናና የጃፓን ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ዋናው ክፍል ብቻ 20,992 ቦታ ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ የሁለቱ አገር አጻጻፍ አንዳንዴ ይለያያል። «ጉ» የሚለውን፣ አጥንት ማለት ነው፣ ተመልከቱ። ከላይ ባለው ሳጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ ማዕዘን አለች። በዋናው ቻይና አጻጻፍ በግራ በኩል ትቀመጣለች፤ በጃፓን በቀኝ። የጭረቱም ቁጥር በቻይና 9፣ በጃፓን 10 ነው። የስልኩ ቋንቋ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ስልኩ የትኛውን አጻጻፍ እንደምትፈልጉ አያውቅም፤ አንዳንዱ ስልክ የጃፓኑን ያመጣል። ተማሪው ያየውን አጥንቶ ፈተና ላይ ይጽፋል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ተማሪው ግራ ይጋባል። መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋዎች የሚለውን ክፈቱ፤ አማርኛን ከላይ ተዉት፤ ከሥሩ ቀለል ያለውን ቻይንኛ («ሲምፕሊፋይድ» የሚለውን) ጨምሩ። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ስልኩ ቋንቋዎችን በተራ ይይዛል። ከዚያ አፑን ዘግታችሁ ክፈቱና «ጉ»ን ፈልጉ፤ ማዕዘኗ ወደ ግራ ከዞረች ተስተካክሏል።

ኪቦርዱን በተመለከተ ጂቦርድ አማርኛንም ቻይንኛንም ይይዛል፤ ለቻይንኛው ከፒንዪንና ከእጅ ጽሑፍ አንዱን ወይም ሁለቱን መጨመር ይቻላል። ሁለት ነጥብ ያለባትን የፒንዪን አናባቢ፣ «ሴት» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችውን፣ ኪቦርዱ ላይ ፈልጎ ያጣ ሰው የ«ቪ»ን ቁልፍ ይንካ። ድምፅ ለመስማት ደግሞ የስልኩን የንባብ ድምፅ ሴቲንግ ከፍታችሁ የቻይንኛውን ድምፅ ዋይፋይ ባለበት አስቀድማችሁ አውርዱ፤ አለበለዚያ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ዝም ይላል። በባጃጅ ድምፅ መካከል የድምፅ ከፍታን በስልኩ ስፒከር መለየት ከባድ ነው፤ የኤርፎን ቀዳዳ ያለው ስልክ እዚህ ይጠቅማል።

ባትሪ ብዙ አያስጨንቅም፤ 5,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የያዘ ስልክ መብራት ቢጠፋም ቀኑን ያደርሳል። ያገለገለ አይፎን የምትገዙ ግን የባትሪ ጤንነት የሚለውን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ባትሪው የተዳከመ አይፎን ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያገለገለ አንድሮይድ ከሆነ *#06# ደውሉና የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሲፒዩ-ዚ ወይም አይዳ64 ጫኑ። ኮፒ ስልክ ሴቲንጉ ላይ 12 ጊጋ ራም፣ 512 ማስቀመጫ ብሎ ይዋሻል፤ እነዚህ አፖች ብዙ ጊዜ ውስጡን ያጋልጡታል። ለበለጠ እርግጠኝነት ትልልቅ ቪዲዮዎችን ገልብጣችሁ ጫኑበትና መልሳችሁ ክፈቷቸው፤ ኮፒው ተቀብሎ ያበላሻቸዋል። ስለ ሚሞሪ ካርድም ይኸው ነው።

የቀረው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የታወቁት አፖች ትርጉም የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ሁለት ወንዝ ይሻገራል። ቻይናዊው ፎርማን ያለውን ቃል በእንግሊዝኛ አግኝቶ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ብረት አሳሪው ወደሚያውቀው ቃል ያመጣል። መሐል ላይ ብዙ ይፈስሳል። «ፎርምወርክ» የሚል መልስ ያገኘ አስተርጓሚ «ካሳፎርማ» (ኮንክሪት የሚፈስበት ቅርጽ) እስኪል ድረስ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የራሳችሁን አማርኛ ዝርዝር ያዙ። በስልኩ ላይ ባለ ማንኛውም የማስታወሻ አፕ በየመሥመሩ አንድ ቃል፣ መጀመሪያ የቻይናው ፊደል፣ ቀጥሎ ፒንዪኑ ከነድምፅ ቁጥሩ (ከአራቱ የድምፅ ምልክቶች ስንተኛው እንደሆነ)፣ ቀጥሎ አማርኛው። በመካከላቸው ታብ የሚባለውን ክፍተት አስገቡ። ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አስቀምጡት፤ በሌላ ካስቀመጣችሁት አማርኛውም ቻይንኛውም የጥያቄ ምልክት ይሆናል። እንዲህ የተሰናዳ ፋይልን ብዙዎቹ የቃል ማጥኛ አፖች ይቀበሉታል። የማስታወሻ አፑ ኪቦርድ ታብ ከሌለው አንድ ጊዜ ከኮምፒውተር ገልብጣችሁ አምጡና በየመሥመሩ ለጥፉት። እሑድ እሑድ ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ከቀኑ ጋር ስሙን ቀይሩ እንጂ በአሮጌው ላይ አትጻፉበት።